ማንበቢያዬ ላይ የተገኘው የቃሪያ ልጣጭ

ስታንካ፣

አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ነው። እህቴ ዘንድ ስሞልያን ከተማ ሄጃለሁ።

በረንዳው ላይ የቀረውን ቃሪያ ጠብሼ ጨርሻለሁ። ልጠሽ ለክረምት ጠርሙስ ውስጥ ክተቺው። ነጭ ሽንኩርት አታብዢ፤ አምናም ነግሬሻለሁ።

ያን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያዬን የገዛሁ ቀን ምን ነበር ያልሽኝ? «ቀለም የለው፣ ፊልም አያሳይ! ታብሌት አትገዢም ነበር? ገንዘብሽን ውሃ በላው!» ጎረቤት ፊት ሳይቀር ሳቅሽብኝ። እኔ ደግሞ ፀሐይ ላይ ይነበባል፣ ዓይን አያደክምም ብዬ ብዬ ምላሴ ደረቀ።

ዛሬ ጠዋት ስከፍተው ምን አገኘሁ?

የቃሪያ ልጣጭ። ስክሪኑ ላይ!

እኔ ገና መጽሐፉ መሃል ነበርኩ፤ ማንበቢያው ግን የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ደርሷል። ድመቷ ናት እንዳትዪኝ። ትናንት በረንዳው ላይ ቃሪያ ስትልጪ፣ ታብሌትሽ በፀሐዩ መስታወት ሆኖ የራስሽን ፊት ብቻ አሳየሽ፣ አይደል?

ይሁን። አልተቀየምኩም። ማንበቢያውን ቻርጅ አድርጌ ትራስሽ ላይ ትቼልሻለሁ።

እጅሽን ታጠቢ።

ታብሌትሽን ደግሞ አትፈልጊ፤ እኔ ጋ ነው። ማታ ማታ ያን የቱርክ ድራማ ስታዪበት «የሥራ ፈት ነገር» እያልኩ አጠገብሽ ሹራብ የምሠራው ለሹራቡ ብዬ አልነበረም። ዛሬ ሐኪሙ ልጅቷን ያገባት አያገባት እንደሆነ የሚለይበት ቀን ነው፣ እህቴ ቤት ደግሞ ቴሌቪዥን የለም።

አደራ፣ የመጽሐፉን መጨረሻ እንዳትነግሪኝ። ትንፍሽ ብትዪ፣ የሠርጉን ነገር አንድ ሳላስቀር ደውዬ እነግርሻለሁ።

ኢስክራ