በልስን ላይ የተለጠፈው ካርቦን

ለውድ አባቴ ለአቶ ታምሩ፣
ጅማ

አባዬ፣ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጃችን ግዛቸው የማጽደቂያውን ወረቀት ከእጄ ወስዶ በስሜ ላይ ራሱ ፈረመበት። ፎርማኑ ዮናስ አጠገባችን ቆሞ ያይ ነበር። ሰላምታ ሳላስቀድም በዚህ በመጀመሬ ይቅር ይበሉኝ። የጌታ ሰላም ይብዛልዎ። ወገብዎ እንዴት ሆነ? ሐኪሙ የከለከለዎትን ድንጋይ ተዉት ወይስ አሁንም ተደብቀው ያነሳሉ? የእማዬስ ስኳር ወረደላት? እኔ ከዚህ ነገር በቀር ደህና ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መናኸሪያ አካባቢ የምንሠራው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ደረጃው ከሥሩ ተሰነጠቀ። ስንመረምረው ሶሌታው፣ ማለትም የደረጃው አርማታ፣ ውስጥ የገባው የፌሮ ብረት በፕላኑ ከታዘዘው በጣም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ከማፍረስ በካርቦን እናጠናክረው ብዬ ስሌቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። ካርቦኑ እንደ ጥብጣብ የተጠቀለለ ስስ ጥቁር ነገር ነው፤ በኃይለኛ ማጣበቂያ ከሶሌታው ሥር ተለጥፎ የጎደለውን ፌሮ ይተካል። የሚይዘው ግን ራሱ አርማታው ላይ፣ ተፍቆና አቧራው ተጠርጎ ሲለጠፍ ብቻ ነው።

እኔ ለስብሰባ አዲስ አበባ በሄድኩባቸው ሁለት ቀናት ግዛቸው እንግዳ ሊጎበኘን ነው ብሎ ደረጃውን ከሥሩ አስለሰነው። ካርቦኑንም ልስኑ ላይ አስለጠፈው። ስመለስ እርስዎ ግድግዳ ሲፈትሹ እንደሚያደርጉት በመዶሻ ቀስ እያልኩ መታሁት። ከጫፍ እስከ ጫፍ ባዶ ድምፅ ሰጠ። ልስኑ ሲረግፍ ካርቦኑም አብሮ እንደሚወርድ እንደ እርስዎ ላለ ግንበኛ መንገር አያስፈልግም። ይነሳ አልኩ። ግዛቸው በር መሰለሽ እንዴ የምታንኳኪው፣ ማንም አይከፍትልሽም ብሎ ሠራተኛውን አሳቀብኝ። ጥገናው በትክክል ተሠርቷል ብዬ አልፈርምም ስል ነው እሱ የፈረመልኝ።

ለዋናው ቢሮ ብከስ ከሳይት አንስተው መዝገብ ቤት አስቀመጡኝ። ዮናስ ምንም አላየሁም ብሏል፤ ልጆች እንዳሉት አውቃለሁ፣ ግን አልረሳለትም። ትናንት ደግሞ ጠርተው፣ ፊርማው የእኔ ነው ብዬ ከጻፍኩ ሰኞ ወደ ሳይት እንደምመለስ ነገሩኝ። ሦስተኛው ፎቅ ከመጪው መስከረም ጀምሮ ለኮሌጅ ተከራይቷል። ያን ሁሉ ተማሪ የሚያወጣና የሚያወርደው ያ ደረጃ ነው። ስለዚህ ዛሬ ሁሉንም ጽፌ ለሕንፃው ባለቤት ለወይዘሮ ደብሪቱ ሰጠኋቸው፤ ግልባጩን ለማዘጋጃ ቤት አስገባሁ። ከሥራ ሳያባርሩኝ አይቀሩም።

እማዬን ሁለቱንም ጉንጯን ይሳሙልኝ። ወንድሜ ሕዝቅያስ የፈተናውን ውጤት እንዳየ ይጻፍልኝ። አክስቴ የሺን ናፍቄሻለሁ ይበሉልኝ።

ታገሺ እንደሚሉኝ አውቃለሁ፣ አባዬ። እስከ ዛሬ ሲስቁብኝ ታግሻለሁ፣ መዝገብ ቤት ሲወረውሩኝም ታግሻለሁ። ያልፈረምኩትን ፈረምኩ በይ መባልን ግን ከእንግዲህ ከማንም አልቀበልም።

ልጅዎ ሐዳሳ
ሀዋሳ፣ ነሐሴ 4 ቀን 2004 ዓ.ም.