ጎሽ ውሃ በድሮው ሥዕል ላይ

አባዬ፣ አፈሩ ይቅለልህ። ከተለየኸን ዓመት ሊሞላ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። በሕይወት ሳለህ ደብዳቤ ጽፌልህ አላውቅም፤ ብጽፍልህም «በል አንብብልኝ» ብለህ መልሰህ ለእኔው ትሰጠኝ ነበር። ዛሬም ጽፌ ስጨርስ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብልሃለሁ። እንደ ልማድህ መሀል ገብተህ አታቋርጠኝ።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። እናቴ ደኅና ናት፤ ጉልበቷ ግን ከሚካኤል አቀበት ጋር ከተጣላ ሰነበተ፣ ዕርቅም ያለው አይመስልም። ቦራው በሬ አርጅቶ ቀንበር አልችል ስላለ አሳርፈነዋል። ጣራው በክረምቱ አፍስሶብን በአዲስ ጓሳ አስከደንነው። ያንን የሱፍ ባናህን እኔ እለብሰዋለሁ። ጠዋት ለብሼው ስወጣ እናቴ ከኋላ ታየኝና አንድ ነገር ልትል ትጀምራለች፣ ከዚያ ትተወዋለች። ለማን ልትለው እንደነበር ስለማውቅ ዞር አልልም።

ናፍቀኸኛል። ይህን ልጻፈውና ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ዋናው ነገር ከባድ ነው።

ከመስቀል በኋላ መንገዱ ሲደርቅ አንድ ፈረንጅ በአሊዩ አምባ በኩል ወደ አንኮበር ወጣ። አማርኛ ይሞክራል፤ ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» እያለ ስለሚጠራ ሰው ሁሉ ይስቅበታል፣ እሱም አብሮ ይስቃል። ከዕቃው ሁሉ የሚሳሳለት በቆዳ የተጠቀለለ አንድ አሮጌ የአገር ሥዕል ነው። ካርታ ይለዋል። የዛሬ አርባ ዓመት ገደማ፣ በንጉሡ አያት ዘመን፣ በዚህ ያለፈ ሌላ ፈረንጅ የሣለው ነው። የእኛው ሰውዬ ሥራ ይህን ሥዕል ይዞ አገሩን በእግር መዞር ነው፤ የትኛው መንደር ቀረ፣ የትኛው ጠፋ፣ መንገዱ ወዴት ዞረ እያለ። የቦታውን ስም በእኛ ፊደል የሚጽፍለት ሰው ሲፈልግ የሚካኤል አለቃ ወደ እኔ ጠቆሙት።

ሥዕሉን መጀመሪያ ሳየው ምኑም አልገባኝም። ተራራው የአባጨጓሬ ጠጉር ይመስላል። ቀስ በቀስ ግን ዓይኔ ለመደው፤ ጠጉሩ ሲበዛ ገደል፣ ሲሳሳ ሜዳ መሆኑን አወቅሁ። ያኔ አንተን አሰብሁ። በጎረምሳነትህ አንድ ፈረንጅ መርተህ የየተራራውን ስም እንዳስጻፍህ ስትነግረን እናቴ «ዛሬ ደግሞ ስንት ተራራ ጨመረ?» ትልህ ነበር። እኔም ከእሷ ጋር እስቅ ነበር። ይቅር በለኝ።

ሥዕሉን ግን ወዲያው አላመንሁትም። ወደ አሊዩ አምባ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ መንገዱን አሁን ካለበት ወደ ግራ አድርጎ ያሳያል። ፈረንጁ እንፈልገው አለ፤ ቁጥቋጦውን ስንገልጥ በእግርና በኮቴ ብዛት የለሰለሰ የድንጋይ ንጣፍ አገኘን። በዚያ ሲያልፉ ያገኘናቸው አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ከበቅሏቸው ወርደው ድንጋዩን በእጃቸው ዳሰሱት። አባታቸው አሞሌ ጨው ጭነው በዚህ ይወጡ እንደነበር በአላህ ስም ማሉልን። ሌላ ቀን ደግሞ ሥዕሉ መንደር ባለበት ቦታ ደረስን፤ ከጽድና ከአጋም በቀር ምንም የለም። ግን ሣሩ ውስጥ የተሰበረ የወፍጮ መጅ አገኘሁ። ያ መንደር ለምን እንደተነሳ የሚነግረን ሰው አጣን። መጁን በእጄ አገላበጥሁት፤ አንዲት ሴት እዚህ ተንበርክካ ስትፈጭ ኖራለች፣ የመንደሯን ስም የያዘው ግን ከባሕር ማዶ የመጣ ወረቀት ነው።

ስሕተትም አለው። ሚካኤልን ከገደሉ ማዶ አስቀምጦታል። ፈረንጁ ይህን ስነግረው ከፋው፤ እኔን ደስ አለኝ፣ ከወረቀቱ ይልቅ አገሬን የማውቀው እኔ ነኝና።

በጥቅምት አጋማሽ ወደ እኛው መንደር ወረድን። ከጎሽ ውሃ ወንዝ ዳር ሥዕሉን ዘርግቶ ስሞቹን በጣቱ እየነካ ያነብልኛል፣ እኔም እጽፋለሁ። ከዚያ «የእማማ ድንጋይ» ብሎ አነበበ። ብዕሬ ቆመ። አባዬ፣ ያንን ድንጋይ በዚህ ስም የሚጠራው የእኛ ቤት ብቻ ነው። እናትህ ልብስ ታጥብበት ስለነበር አንተ ነህ ያወጣህለት። ፈረንጅ መራሁ ያልኸው እውነት ነበር፤ ያስጻፍኸው ስም አርባ ዓመት ዞሮ ወደ ደጃችን መጣ። ሄጄ ለእናቴ ልነግራት እግሬን አንስቼ ነበር።

ከዚያ ግን ሥዕሉን ደግሜ አየሁት። ድንጋዩ ያለው ወንዙ ከንፈር ላይ ነው። ወንዙም በቤታችን ሥር፣ በእኛ በኩል ያልፋል። ዛሬ የምናርሰው የወንዝ ዳሩ ማሳ በሙሉ ማዶ ነው፤ በጎረቤታችን በአያ ደስታ በኩል።

ዛሬ ድንጋዩ የት እንዳለ አንተ ታውቃለህ። በማሳችን መሀል ደረቅ ላይ ነው ያለው፤ ውሃው ከእሱ አልፎ በአያ ደስታ ቤት ሥር ነው የሚሄደው። ስንት ዓመት ዞሬው አርሻለሁ። እናትህ እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ፣ ልብሱን በእንዶድ እየረገጠች ታጥብበት እንደነበር ስንት ጊዜ ነግረኸናል። ውሃ በሌለበት ድንጋይ ላይ እንዴት ታጥባለች ብሎ የጠየቀህ የለም። እኔ ዳዊት የደገምሁት፣ ቅኔ ቆጠርሁ የምለው ልጅህ እንኳ አልጠየቅሁህም።

ሥዕሉ ሚካኤልን እንዳሳሳተ ይህንንም አሳስቶ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። በማግስቱ ብቻዬን ዶማ ይዤ ወርጄ ከድንጋዩ ሥር ቆፈርሁ። ሁለት ክንድ ሳልወርድ ድብልብል የወንዝ ጠጠርና አሸዋ ወጣ። ማረሻዬ ጠጠር እየመታ ሳማርር «የኖኅ ውሃ የተወው ነው» ትለኝ ነበር። አባዬ፣ የኖኅ አይደለም፤ የጎሽ ውሃ ነው።

አያ ደስታ ማሳው የአባቶቼ ነው ብሎ የከሰሰህ ከስምንት ዓመት በፊት ነው። የሁለቱ ርስት ወሰን ወንዙ መሆኑን ሁለታችሁም አልካዳችሁም። እሱ ወንዙ በናዳ ዞሯል አለ፤ አንተ አልዞረም አልህ። የሚመሰክሩት ሽማግሎች አልፈዋል። በአገሩ ወሰን ያጣላው ሰው ሁሉ የሚጠራው ደግሞ አንተን ነበር፤ ከአንተ በላይ ወሰን አዋቂ ከየት ይምጣ? በመጨረሻ አያ ደስታ ወደ ዳኛው ዞሮ «እሱ ራሱ ይማልልኝ። ከማለ ማሳው የሱ ነው» አለ። ከሳሽህ በቃልህ አደረ። አንተም በሚካኤል ደጅ ወንጌል ጨብጠህ፣ ከተወለድሁ ጀምሮ ጎሽ ውሃ ከቦታው አልተነቃነቀም ብለህ ማልህ። አያ ደስታ እጅ ነሥቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ የቀረችውን ጭንጫ ይዞ፣ በሰው መሬት በእኩል እያረሰ ነው የኖረው።

ተቆጥቼሃለሁ። መቃብርህን አልፌ ቤተ ክርስቲያን ስገባ ሁለት እሑድ ፊቴን አዙሬ አልፌአለሁ። አንድ ቀን አውቀህ ነው እላለሁ። ሌላ ቀን ደግሞ ናዳው ካለፈ በኋላ ያ ማሳ ድንጋይ ለብሶ ጠፍ ሆኖ እንደኖረ፣ ድንጋዩን አንድ በአንድ ለቅመህ ያቀናኸው አንተ እንደሆንህ አስባለሁ። ሰው በላቡ ያቀናው መሬት ከአባቱ የወረሰው እየመሰለው ይሄዳል። ምናልባት ስትምል እውነት መስሎህ ይሆናል። ብጠይቅህ ምን ትለኝ እንደነበር ዓመቱን ሙሉ ባስብ አላገኘውም።

ለእናቴ ነገርኋት። ሙት ወቃሽ አትሁን ብላ ተቆጣችኝ፤ አፈር የበላውን አፍ ምን ብለህ ትከሰዋለህ አለች። እሷ ለዚህ ቤት ሙሽራ ሆና ስትመጣ ወንዙን አሁን ባለበት ነው ያገኘችው። ሦስት ቀን ቆይታ የሙት ዓመትህን ገብስ ከየትኛው ማሳ ልናጭድ እንዳሰብሁ ጠየቀችኝ። ሌላ ደኅና ማሳ ወዴት አለን፤ ከወንዝ ዳሩ ነው አልኋት። ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠችና «በሰው እህል ተዝካር አይወጣም» አለች።

በዚያው ቀን ወደ አያ ደስታ ሄድሁ። ደጁ ላይ ገመድ እየገመደ ነበር። ሁሉን ነገርሁት፤ ሥዕሉን፣ ድንጋዩን፣ ጠጠሩን። እጁ ቆመ እንጂ ፊቱ አልተለወጠም። ማሳው ከተመለሰለት እንደሚበቃው ነግሮኝ፣ «የአባትህን ስም ደጀ ሰላም ድረስ አትውሰደው» ብሎ ለመነኝ። የተበደለው ሰው ስለ አንተ ስም ሲለምነኝ አፈርሁ። ነገር ግን መሐላው በሰው ፊት የተማለ ነው፤ በስውር ከመለስሁት እሱ በሰው ዘንድ ሐሰተኛ ከሳሽ ሆኖ ይቀራል። ይህን ስነግረው እሺ በሚል ራሱን ነቀነቀና ወደ ገመዱ ተመለሰ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንተ በቆምህበት ቦታ ቆምሁ። ፈረንጁ ሥዕሉን ይዞ ከጎኔ ነበር። ወንዙ ዞሯል፤ አባቴ በወጣትነቱ በገዛ አፉ ያስጻፈው ይኸው፣ በሽምግልናው የማለው ግን ሌላ ነው፤ ማሳው የአያ ደስታ ነው አልሁ። ወረቀት ምን ያውቃል ያለም አለ፣ አባቱን የሚያዋርድ ልጅ ብሎ ምራቁን የተፋም አለ። ሽማግሎቹ ግን ወርደው ጉድጓዱን አዩት።

የፈራሁት በሳምንቱ መጣ። አንተ ወሰን ያሳየሃቸው ሰዎች፣ የእኛም በሥዕሉ ይታይልን እያሉ ፈረንጁን ከበቡት። የዕድሜ ልክ ሥራህ በእኔ አፍ ሊፈርስ ነው አልሁ። ሸንተረር ለሸንተረር አብሬአቸው ዞርሁ። ሥዕሉ የሚያሳየውን ያህል አየን፤ ሁሉም አንተ እንዳልኸው ነው። የሰውን ወሰን አንድም አላሳሳትህም፣ አባዬ። የሳትኸው የራስህን ብቻ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ በመቃብርህ ሳልፍ ፊቴን አላዞርም።

የወንዝ ዳሩን ገብስ የዘራነው እኛ ብንሆንም ለአያ ደስታ ተውንለት፤ አጨዳውንም አብሬው አጨድሁ። ለተዝካርህ ከላይ ካለችው ድንጋያማ መሬት የምትገኘው ትበቃለች፣ ጥቂት ሰው እንጠራለን ተባባልን። ከትናንት በስቲያ አያ ደስታ አህያ ጭኖ መጣ፤ ገብስ ነው። ለሙት ዓመቱ ነው አለ። አልቀበልም አልሁት። «ማሳው የእኔ ነው ብለህ በሰው ፊት አልተናገርህም? የእኔ ከሆነ ገብሱን ለማን እንደምሰጥ አንተ አትነግረኝም» አለኝ። እናቴ በዚያ ጉልበቷ ተነሥታ አህያውን ገመዱን ይዛ አስገባችው።

ጠላው ከዚያ ገብስ ይጠነሰሳል። ቃል የምገባልህ ይህን ነው፦ ልጆች ወልጄ ስለ አያታቸው ቢጠይቁኝ ለፈረንጁ እውነቱን ያስጻፈውን ጎረምሳም፣ በሚካኤል ደጅ የማለውንም ሽማግሌ እነግራቸዋለሁ፤ አንዱን አንሥቼ ሌላውን አልደብቅም። ሁለቱም አባቴ ናቸው። በተዝካርህ ቀን ብዙ ሰው በልቶ ጠጥቶ ነፍስ ይማር ይላል። እኔ ግን ጆሮዬን የምጥለው ወደ አያ ደስታ ነው። እሱ «ነፍሱን ይማር» ሲል፣ ከሁሉ ቀድሜ አሜን የምለው እኔ ነኝ።

ልጅህ ተክሌ