ከሽማግሌዎቹ ቃል በታች

ከፒራንቶስ ደሴት፣ ወይን በሚለቀምበት ወር፣ ኒካንድሮስ የደሴቲቱ ሹም በሆነ በሁለተኛው ዓመት

ይድረስ ለልጄ ለሊካስ፣ ከባሕር ማዶ ላለኸው ዓይኔ፤

እንደምን አለህልኝ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ወንድምህ ዳሞን ሦስተኛ ሴት ልጅ ወለደ፤ አፍንጫዋ ቁርጥ ያንተ ነው፣ ምስኪን! የላክኸው ስንዴ ደርሶናል። ጋግሬ በላሁ፤ አለቀስኩም።

የሚጽፍልኝ ሸክላ ሠሪው ሚኮን ነው። "ቶሎ በይ እንጂ ሜሊታ፣ የምጽፍበት ስስ የእርሳስ ብረት ጠባብ ነው፤ ወሬሽ ደግሞ ሰፊ" እያለ ይነዘንዘኛል።

ሽማግሌዎቹ ቤቴ ድረስ መጥተው ነበር። "ልጅሽ እዚያ ትልቅ ሰው ሆኗል፤ ሸንጎው የሚሰማው እሱን ነው። የምንልከውን ገዥ እንዲቀበሉ ጻፊለት። እናት ከተማቸው እኛ ነን" አሉኝ። ይኸው ጻፍኩልህ። የእነሱ ቃል እዚህ ላይ አለቀ።

አሁን የእኔን ስማ። አትቀበሉት።

ሰባት ዓመት ዝናብ ጠፍቶ፣ ሁለት ወንድ ልጅ ካለው ቤት ሁሉ አንዱ አዲስ አገር ይፈልግ ሲባል ዕጣው አንተ ላይ ወጣ። በሄዳችሁ በሁለተኛው ዓመት ርቧችሁ ተመለሳችሁ። የተመለሰን ያስጠጋ ቤቱ ይፍረስ ብለን ምለን ነበርና ወደብ ወርደን በድንጋይ ተቀበልናችሁ። እኔም ነበርኩ። "እማ!" ስትል ሰማሁህ። ጎረቤቱ ሁሉ ያየኛል፤ ለዳሞን ፈራሁለት። ወረወርኩ።

ድንጋዩ ውሃ ውስጥ ገብቷል እያልኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ራሴን እያታለልኩ ኖርኩ። ዘንድሮ ስንዴውን ያመጡት መርከበኞች ግን ቅንድብህ ላይ ጠባሳ አለ አሉኝ። ምን ሆነህ ነው ሲሉህ፣ "ልጅ ሆኜ ወድቄ" ትላለህ አሉ። ልጄ፣ ያሳደግኩህ እኔ ነኝ፤ ከዚህ ስትሄድ ፊትህ ላይ ጭረት አልነበረም። ይቅር በለኝ።

ያን ቀን ወደባችንን የዘጋንባችሁ እኛ፣ ዛሬ በምን አፋችን እንገዛችሁ እንላለን? መሬቱን ያረሳችሁት እናንተ፣ ሕጉንም ያወጣችሁት እናንተ ናችሁ።

ሚኮን "አበድሽ እንዴ? ሽማግሌዎቹ ቢያነቡትስ?" ይለኛል። ጠቅልለህ እሰረው አልኩት። ቦታውም አለቀ።

ከከተማችን ምድጃ ይዛችሁት የሄዳችሁት እሳት አይጥፋባችሁ። ልጆችህ ይደጉልህ። ገዥው ሲመጣ ግን፣ አደራህን ሊካስ፣ ድንጋይ እንዳታነሱበት። ዳቦ አብልታችሁ መልሱት። እሱንም እናቱ ትጠብቀዋለች።

እናትህ ሜሊታ