ለክቡር ሰብሳቢያችን፦ ስለ ተቆረጠው ገመድና ስለ ተከለከለው ስፌት

ለተከበሩ የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ
አንደኛ ፎቅ፣ ፀሐይ በሚገባበት በኩል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም መላው ቤተሰብዎም እንደምን ሰንብታችኋል እላለሁ። ጤናዎ፣ እንቅልፍዎ፣ በተለይም ጆሮዎ እንደምን አለልኝ? ስለ ጆሮዎ ለብቻው የጠየቅሁት ያለ ነገር አይደለም፤ ዝቅ ብዬ እደርስበታለሁ። እኔ ለበጎ ፈቃድዎ ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ አራተኛ ፎቅ የምኖር፣ ቀን ቀን ሰው ሠራሽ ጥርስ እየሠራሁ የምተዳደር፣ ከሥራ መልስ ደግሞ ሰው የጣለውን ኮምፒውተር እየሰበሰብኩ የምፈታታና የምገጣጥም፣ በኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ላይ "ገመዳሙ ግለሰብ" ተብዬ የተጠቀስኩት ጎረቤትዎ ነኝ። ስለ ማዕረጉ ከልብ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ እስከዚያ ድረስ "ቆርቆሮ ለቃሚው" ነበር የምትለኝ፤ እንደ እድገት ቆጥሬዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የምለጥፈው እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። በግል የጻፍኩልዎ ሁሉ "ጉዳዩ እየታየ ነው" ከሚል መልስ አልፎ አያውቅም፤ ይህን ያህል ጊዜ ሲታይ የኖረን ጉዳይ ሌላውም ሰው ቢያየው አይከፋም ብዬ ነው። ቅሬታዎቼን በኮሚቴው ልማድ መሠረት በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩትን አዛውንት ያውቋቸዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ በአውቶቡስ መናኸሪያ ድምፅ ማጉያ ይዘው መንገደኛ ሲጠሩ የኖሩ ናቸው፤ ጋሽ ማይክ የምንላቸውም ለዚህ ነው። ጉሮሯቸው ታሞ በቀዶ ሕክምና ድምፃቸው ከተወሰደ ወዲህ የሚተነፍሱት በአንገታቸው ላይ ተከፍታ ትንሽ ቱቦ በገባባት ቀዳዳ ሲሆን የሚናገሩት ደግሞ በብዕር ነው። ባለቤታቸው፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ ምድር ቤት ባለችው ጠባብ ሱቅ ልብስ ይሰፉ ነበር። ጋሽ ማይክ ቀን ብቻቸውን ሳሉ አንድ ነገር ቢሆኑ እትዬን በምን ይጥሩ? ስልክ ቢደውሉ አይናገሩ፤ መልእክት ቢልኩ የስፌት መኪናው ጩኸት የስልኩን ድምፅ ይውጠዋል።

ታዲያ እትዬ አንድ ቀን ደረጃ ላይ አስቁመውኝ፣ "አንተ ልጅ፣ ያን ሁሉ ብረታ ብረት እቤትህ ከምታከማች ለእኔ የሚረባ አንድ ነገር አትሠራልኝም?" አሉኝ። ሠራሁላቸው። አንድ መሥሪያ ቤት አርጅተዋል ብሎ ከጣላቸው ኮምፒውተሮች ሁለቱን አጽድቼ፣ አንዱን ከጋሽ ማይክ አልጋ አጠገብ፣ ሌላውን ከስፌት መኪናው ፊት ለፊት አስቀመጥኩና በደረጃው ጥግ አንድ ገመድ አወረድኩ። ጋሽ ማይክ የጻፉት ሁሉ እትዬ ፊት በትልልቅ ፊደል ይወጣል። ቀይ ቀለም የቀባኋትን ቁልፍ ከተጫኑ ደግሞ ስክሪኑ በሙሉ ይቀላል፣ ደወልም ይጮሃል።

አንድ ማሽን አርጅቷል የሚባለው ሥራ ሲያጣ እንጂ ዓመት ሲቆጥር አይደለም የሚል የግል እምነት አለኝ፤ እነዚያ ሁለቱ በሕይወታቸው እንደዚያን ጊዜ ተፈልገው አያውቁም። አብዛኛው መልእክት ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ "ክቡራን መንገደኞች፣ ምሳ ዘግይቷል" የሚል ነበር። እትዬም ከታች "ሾፌሩ ሥራ ላይ ነው፤ መንገደኛው አርፎ ይቀመጥ" ብለው ይመልሱ ነበር። ጋሽ ማይክ ድምፃቸውን ካጡ በኋላ ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ነው፤ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚስቀው።

፪. ኮሚቴው "የሕንፃውን ውበት የሚያጎድፉ ገመዶች" በሚል ርእስ ላወጣው ማስታወቂያ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ስለ ውበት የሚጨነቅ ሰው በበዛበት ሕንፃ መኖር መታደል ነው፤ በተለይ የደረጃው መብራት ከተቃጠለ ወዲህ ውበቱን የምናየው በዳሰሳ ስለሆነ። ገመዱን በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ በራሴ ወጪ ልሸፍነው ብዬ ላቀረብኩት ማመልከቻ ጉዳዩ እየታየ መሆኑ ተነግሮኛል። ገመዱ ጨረር ይረጫል፣ ራሴን እያመመኝ ነው ላሉት የኮሚቴ አባልም ያለኝን አክብሮት እየገለጽኩ፣ ራስ ምታታቸው የጀመረው ገመዱ ገና ካርቶን ውስጥ ሳለ እንደነበር ለማስታወስ እወዳለሁ። "ዘመኑ የአየር ነው፣ ለምን ያለ ገመድ አታደርገውም?" ብለው እርስዎ ራስዎ ጠይቀውኝ ነበር። ሞክሬዋለሁ፤ በዚህ ሁሉ ኮንክሪት መካከል ሞገዱ ገና ፎቅ ሳይወርድ ይጠፋል። ደግሞም እኔ ገመድ ወዳድ ነኝ። ገመድ ወይ ይሠራል ወይ አይሠራም፤ መሃል ላይ ቆሞ አያጉላላም።

፫. ማስታወቂያው ገመዱን እንድናነሳ እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ ሰጥቶን ነበር። ኮሚቴው ግን ለሥራ ካለው ትጋት የተነሳ ቀኑን መጠበቅ አልቻለም። ደረጃውን ሊቀባ የተቀጠረው ቀለም ቀቢ መሰላሉን ይዞ አስቀድሞ ስለመጣ፣ መሰላሉ ካለ አይቀር ተብሎ፣ ዓርብ ጠዋት እኔ ሥራ ሳለሁ ገመዱ እንዲቆረጥ አዘዙ። አንድ ቦታ ላይ ቢቆረጥ ይበቃ ነበር። እርስዎ ግን ስንዝር ስንዝር አስከትፈው፣ በፌስታል አስቋጥረው፣ ደጃፌ ላይ አስቀመጡልኝ። የሰው ንብረት ለባለቤቱ መመለስዎን ሳላደንቅ አላልፍም።

ለማንም አልተነገረም። ጋሽ ማይክ አላወቁም። እትዬም አላወቁም፤ ከላይ ጽሑፍ ሳይመጣ ሲቀር፣ "እሰይ፣ ዛሬስ ተኝቶልኛል" ብለው ደስ ብሏቸው ነበር።

፬. ከምሳ በኋላ የጋሽ ማይክ መተንፈሻ ቀዳዳ በአክታ ተደፈነች። ቀይዋን ቁልፍ ተጫኑ። ደግመው ተጫኑ። በኋላ ከሆስፒታል ሲወጡ እንዴት ነበር ብዬ ብጠይቃቸው፣ "የያዘችውን ልብስ ጨርሳ ልትመጣ ነው ብዬ ጠበቅኋት" ብለው ጻፉልኝ። ክቡር ሆይ፣ ይህችን ዓረፍተ ነገር እኔ ብቻዬን ልሸከማት ስላልቻልኩ ለእርስዎም አካፍዬዎታለሁ።

እንደማትመጣ ሲገባቸው ተነሱ፤ በሩ ግን ራቀባቸው፤ ወጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ ወደቁ። እጃቸው የደረሰበትን ጭልፋ ይዘው የውሃውን ቧንቧ መቀጥቀጥ ጀመሩ። ያ ቧንቧ ከላይ እስከ ታች በሁላችንም ቤት ያልፋል፤ በእርስዎም ቤት ያልፋል። ስለ ጆሮዎ ጤና የጠየቅሁት ለዚህ ነው። ጆሮዎ ደህና እንደሆነማ አውቃለሁ፤ በሰሙበት ቅጽበት ለበር ጥበቃው ስልክ ደውለው፣ "ሦስተኛ ፎቅ ያለውን ረባሽ ሂድና አስቁምልኝ፤ ሰው ከምሳ በኋላ እንኳን ጋደም አይበል?" ማለትዎን ጥበቃው ነግሮኛል። ይህን እንድጽፍ የፈቀደልኝም ራሱ ነው፤ "ጻፈው፣ ቢጠይቁኝም እንዲሁ ነው የምለው" ብሎኛል።

ጥበቃው እየተነጫነጨ ደረጃውን ወጣ። እሱ ደርሶ በሩን ሲከፍት ድምፁ፣ ልክ እርስዎ እንዳዘዙት፣ ቆሞ ነበር። ጋሽ ማይክ ከንፈራቸው ጠቁሮ፣ ጭልፋውን እንደጨበጡ መሬት ላይ ተዘርግተዋል። "እትዬ! ድረሱ!" እያለ ቁልቁል ሲሮጥ እትዬ የሰሙት ከምድር ቤት ነው። ሜትራቸው ከአንገታቸው ሳይወርድ፣ አንድ እግር ጫማ ጥለው፣ ያን ሁሉ ደረጃ እንዴት እንደወጡት እስከ ዛሬ አያውቁም። ነርሶቹ ባስተማሯቸው መሠረት ቀዳዳዋን ጠረጉ፣ ቱቦዋን አወጡ፣ አየር ገባ። አምቡላንስ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ የመጣሁት ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው፤ ደጃፌ ላይ ያ ፌስታል ጠበቀኝ።

፭. ከዚያ በተከተለው ሳምንት ኮሚቴው ስለለጠፈው ማስታወቂያ የተለየ ምስጋና አለኝ። እንዲህ ይላል፤ "የጥበቃ ሠራተኛችን ከኮሚቴው በተሰጠው ፈጣን መመሪያ መሠረት ባደረገው ክትትል የአንድ ነዋሪያችን ሕይወት ሊተርፍ ችሏል።" ደጋግሜ አነበብኩት። አንድም ውሸት የለበትም። መመሪያው ተሰጥቷል፣ ፈጣንም ነበር፣ ሕይወትም ተርፏል። እንዲህ ያለ ብዕር ኮሚቴ ውስጥ መባከኑ ያሳዝነኛል። ጥበቃው ግን ማስታወቂያውን ሲያነብ አንገቱን ደፋ። "እኔ እኮ ልቆጣቸው ነበር የወጣሁት" አለኝ። ከዚያ ወዲህ በሰሌዳው አጠገብ ማለፍ ትቶ በጓሮ በር ነው የሚዞረው።

፮. አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እገባለሁ፤ እስካሁን ያሰለቸሁዎ ሁሉ ለመንደርደሪያ ነው።

ጋሽ ማይክ ወደ ቤታቸው እንደተመለሱ አዲስ ገመድ ይዤ ሄድኩ። እትዬ በር ላይ ተቀበሉኝ፤ ገመዱን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ልጄ፣ ገመድህንስ አምነዋለሁ። የሚቆርጡትን ነው የማላምነው" አሉኝ። ገመዱን ጠቅልዬ ወደ ቤቴ መለስኩት። ሱቃቸውን ዘጉ። ጥበቃውና እኔ የስፌት መኪናውን ተሸክመን ሦስተኛ ፎቅ አወጣንላቸው፤ መስኮቱ ሥር፣ ከጋሽ ማይክ አልጋ ትይዩ አስቀመጥነው። እትዬ አሁን የሚሰፉት ዓይናቸውን ከጨርቁ ወደ አልጋው፣ ከአልጋው ወደ ጨርቁ እያመላለሱ ነው። ቀድሞ ደንበኛ መንገድ ሲያልፍ አይቶ ይገባ ነበር፤ ዛሬ ፎቅ ድረስ የሚወጣው የቀድሞ ወዳጅ ብቻ ነው። ያም ሆኖ እየኖሩ ነበር።

ኮሚቴው ግን አልዘነጋቸውም። ባለፈው ሰኞ "በመኖሪያ ክፍል ውስጥ የንግድ ሥራ በማካሄድና በማሽን ድምፅ የነዋሪዎችን ሰላም በማወክ" የሚል የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ፣ በእርስዎ ፊርማና በክብ ማኅተም ተደግፎ ደረሳቸው። መኪናውን ካላወረዱ ቤቱን እንዲለቁ ይደረጋል ይላል። ወረቀቱ ሲመጣ እዚያው ነበርኩ። ጋሽ ማይክ አነበቡት፤ ብዕራቸውን አንስተው፣ "ውረጂ። እኔ ምንም አልሆንም" ብለው ጻፉ። እትዬ እንዳላዩ ሆኑ። ጋሽ ማይክ ወረቀቱን ገፋ አድርገው ዓይናቸው ሥር አኖሩላቸው። እትዬ አንስተው፣ አጥፈው፣ ከሚሰፉት ቀሚስ ሥር ሸጎጡትና መኪናውን ረገጡ። ጋሽ ማይክ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ድምፅ ላለው ሰው ይህ ጭቅጭቅ ይባል ነበር።

እንግዲህ፣ ክቡር ሆይ፣ ሴትዮዋ ታች ቢሰፉ ባላቸው ፎቅ ላይ ይሞታሉ፤ ላይ ቢሰፉ ሰላም ይታወካል፤ ገመድ ቢዘረጉ ውበት ይጎድፋል። እንደ እርስዎ ያለ አርቆ አሳቢ ሰው አንድ ያልከለከለው ቦታ እንደሚኖረው አልጠራጠርም፤ የት እንደሆነ ብቻ ቢጠቁሙን መኪናውን እኔው ተሸክሜ አደርሰዋለሁ። ካልሆነ ግን፣ ገመዱን መልሱልኝ አልልም፣ ይቅርታ ይጠይቁም አልልም፣ ሰሌዳው ላይ ያለውን ምስጋናዎንም አይንኩት። ማስጠንቀቂያውን ብቻ ያንሱላቸው። አንድ ፊርማ ነው። እንደ ቀለም ቀቢው መሰላል ጊዜ ሳይጠብቁ ቢያደርጉት ደግሞ ሕንፃው በሙሉ ይደነቅልዎታል።

ውድ ጊዜዎንና ቀላል እንቅልፍዎን ስለተሻማሁ ትሕትና የተሞላበት ይቅርታዬን እያቀረብኩ፣ ለኮሚቴው ረጅም ዕድሜ፣ ለማኅተሙ ቀለም፣ ለእርስዎም ከላይ ምንም ድምፅ የማይሰማበት ጸጥ ያለ ከሰዓት በኋላ እመኛለሁ።

በታላቅ አክብሮት፣
አራተኛ ፎቅ የሚኖረው ገመዳሙ ግለሰብ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት የልጅዎ ባል ላፕቶፕዎን በጋዜጣ ጠቅልሎ አምጥቶልኝ ነበር። "አባባ ናቸው የላኩኝ፤ እንደላኩኝ ግን ለማንም እንዳትናገር ብለዋል" አለኝ፤ እኔም ለማንም አልተናገርኩም፣ እዚህ ሰሌዳ ላይ ብቻ ነው የጻፍኩት። ብልሽቱ ከባድ አልነበረም። የአየር ማስገቢያው በአቧራ ተደፍኖ ስለታፈነ ነው እየጋለ ራሱን ሲያጠፋ የከረመው። ጠርጌዋለሁ፣ ይሠራል፤ ዋጋ አልጠይቅም። እኔ ቀን ስለማልኖር ጋሽ ማይክ ዘንድ አስቀምጬልዎታለሁ። ሰው ሳይልኩ ራስዎ ገብተው ይቀበሏቸው። "እንደምን ዋሉ?" ሲሏቸው መልሱን የሚሰጡዎት ጽፈው ነው፤ ከሆስፒታል ወዲህ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ትንሽ ይቆያሉ፤ እባክዎ ጽፈው እስኪጨርሱ ድረስ ቆመው ይጠብቋቸው።