እሜቴ ከገፋች በኋላ

ኦክላንድ፣ ጥቅምት 8 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? እኔ ከኩርፊያዬ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ከኦክላንድ አንቺ ያለሽበት ሳን ሆዜ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ እኔ ግን ዘጠኝ ወር ፈጀብኝ።

እታለም፣ አትሳቂብኝና አሁን የምሠራው ጦጣ ጥበቃ ነው። አንድ ላብራቶሪ ውስጥ ያረጁ፣ የወር አበባቸው የተቋረጠ ጦጣዎች አሉ። ለግማሾቹ ሆርሞን ሙዝ ውስጥ ተሸጉጦ ይሰጣቸዋል፤ ግማሾቹ ሙዙን ብቻ ይበላሉ። ምግባቸውን እመዝናለሁ፤ ከዚያ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ማን ማንን እንደገፋች፣ ማን ከማን እንደተጠጋች እጽፋለሁ። ዝንጀሮ የራሷን መላጣ ሳታይ በሰው ትስቃለች ይባል የለ? እዚህ ስስቅ የከረምኩት እኔ ነኝ።

አንዷን አሮጊት እሜቴ ብያታለሁ። ደህና ተቀምጣ ሳለች ድንገት ብድግ ትልና ታናሿን ገፍትራ ከአጠገቧ ታባርራታለች። እኔም «ገፋች» ብዬ እጽፍና ዓይኔን እሰብራለሁ። ትልቅ ሰው ሲቆጣ አፍጥጦ ማየት ነውር ነው ተብለን አይደል ያደግነው? ለጦጣም ይሉኝታ ያዘኝ!

ባለፈው ሳምንት ጥናቱን የምትመራው ዶክተር ጠራችኝና ቪዲዮ እያሳየችኝ፣ ሪከርድሽ ግማሽ ነው አለችኝ። ለካ እኔ ዓይኔን በሰበርኩ ቁጥር እሜቴ ትመለስ ኖሯል። ከታናሿ ጀርባ ትቀመጥና ጸጉሯን እየገለጠች ትለቅምላታለች። አንድም ቀን ቀርታ አታውቅም። ሦስት ወር ሙሉ ክፉ አድርጌ ጽፌአታለሁ። ሁሉንም ከቪዲዮው እያየሽ ድገሚ ተባልኩ፤ አልከፋኝም፤ ሆዴን የበላኝ ሌላ ነገር ነው።

በጥር፣ በዚያ ብርድ መስኮቱን ስትከፍቺ፣ ልትገድይኝ ነው ወይ ብዬ ጮህኩብሽ። አንቺም ከቤቴ ውጪልኝ አልሽኝ። አቀርቅሬ ወጣሁ። በሳምንቱ በእጅሽ የሠራሽውን ሹራብ በወይዘሮ ፅጌረዳ በኩል ላክሽልኝ፤ እኔ ግን መልሼ ሰደድኩት። መግፋትሽን በልቤ ጻፍኩ፣ መመለስሽን ሳላይ ቀረሁ። ይቅር በይኝ፣ እታለም። ያ ሙቀትና ያ ንዴት የወር አበባ መቋረጥ ያመጣው እንጂ ከክፋት እንዳልነበረ አሁን ገብቶኛል።

እሜቴ ሰሞኑን ረጋ ብላለች። ያረጋጋት ሆርሞኑ ይሁን በቅርቡ የተለወጠላቸው ምግብ ገና አልታወቀም። ሰውም ቢሆን ስለዚህ ነገር ሐኪም ቢያማክር እንደማያሳፍር ግን ዶክተሯ ነግራኛለች። ከፈለግሽ አብረን እንሄዳለን።

የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እመጣለሁ። እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክሜ መምጣት ነበረብኝ፤ ነገር ግን ድንጋይ ይዤ ባርት ባቡር ላይ ብወጣ ፍሪሞንት ሳልደርስ ፖሊስ ያወርደኛል። አንቺ ብቻ በሩን ክፈቺልኝ። ሹራቡን ለሌላ ካልሰጠሽው እወስደዋለሁ፤ ቶሎ እለብሰዋለሁ ብለሽ ግን አትጠብቂ። መስኮቱንም ለእኔ ብለሽ እንዳትዘጊው። ከሰኔ ወዲህ፣ ጭጋግም ቢሆን ነፋስም ቢሆን፣ እኔም ከፍቼ ነው የምተኛው።

ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ በሰላም ያገናኘን።

ታናሽሽ