የእማ አዲሱ ዳንቴል

ቴፒ፣ ጥቅምት 1994 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ናስረዲን፣ አሰላሙ አለይኩም። አንተና ልጆችህ እንዴት ናችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ዘንድሮ ቡናው ቶሎ ቀላ፤ ዝናቡ ግን ማስጣት ከልክሎናል።

እማ ዳንቴሏን አልተወችም። ድሮ ገበያ ውላ የሰው ቀሚስ ጥለት አይታ ስትመለስ፣ ኪሮሿን አንስታ የመጀመሪያውን ዙር እስክትጨርስ ለማንም ሰላምታ አትመልስም ነበር። ካወራች ያየችው ይጠፋባታል። ባለሱቁ ኸይሩ "ዛሬም አፏን ገበያ ረስታ መጣች" እያለ ይስቅባት ነበር።

አሁን መንገዱን ሙሉ ሰላም እያለች ትመጣለች። ባለፈው ኸይሩን ሰላም ብላው ሄዳ፣ ወዲያው ተመልሳ እንደ አዲስ ሰላም አለችው። እሱም አልሳቀም። "ላምያ፣ እናትሽን ብቻዋን ገበያ አትላኪያት" አለኝ።

ትናንት የጨረሰችውን የጠረጴዛ ዳንቴል ልኬልሃለሁ። "እንዲህ ያለ ሠርቼ አላውቅም፤ መጀመሪያ ናስረዲን ይየው" ብላለች። ዳሩ ላይ ያሉትን የቡና ቅጠሎች ታውቃቸዋለህ፤ ለሠርግህ በሰጠችህም፣ አምና ለአረፋ በላከችልህም ላይ አሉ። መልስ ስትጽፍላት አዲስ ነው በላት። ከቻልክ ረመዳንን ሳትጠብቅ ና።

ልጆቹን ሳምልኝ። እማ ሰላም በይልኝ ብላለች። ይኸው አሁንም ሰላም በይልኝ አለችኝ።

እህትህ ላምያ