ወንድሜ፣ እጮኛዬና መሀል ላይ የምትወድቀው ኳስ

እሁድ፣ ኦክቶበር 5

ዛሬም ተሸነፍን። "ተሸነፍን" እላለሁ እንጂ እኔ እንኳ ዳር ቁጭ ብዬ ቆሎ ስቆረጥም ነበር... ሲያሸንፉ የእነሱ ነው፣ ሲሸነፉ የሁላችን።

ፍላግ ፉትቦል ነው ጨዋታው፣ የአሜሪካኖቹ በእጅ የሚወረወረው። መጣል የለ፣ መገፍተር የለ፤ ወገብ ላይ የተንጠለጠለችው ጨርቅ ከተመዘዘች አለቀ። እጮኛዬ ዮአብ ኳርተርባክ ነው፣ ይወረውራል። ታላቅ ወንድሜ ለይኩን ሪሲቨር ነው፣ ሮጦ ይቀልባል። በቃ፣ ይኸው ነው። ሰመሩን ሦስት ወር ሙሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያደርጉት የነበረ ነገር። አሁን ኳሷ መሀላቸው ሣር ላይ ዘፍ ትላለች፤ ሁለቱም የሰው ዕቃ ይመስል ቆመው ያዩዋታል።

ዮአብ ገና ጫማውን ሳያወልቅ፣ "ወንድምሽ እግሩ ከበደ፣ ዓይኔ" አለኝ።

ለይኩን ደግሞ በስልክ፣ "የዚያ ልጅ ክንድ አልቋል። ንገሪው።"

እኔ ገለልተኛ ነኝ። ሁለቱም ጥፋተኛ ናቸው ብዬ በእኩል አምናለሁ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 7

ቅዳሜ የዮአብ ሽማግሌዎች ለይኩን ቤት ሊመጡ ነው። እኔን ሊጠይቁ። አባዬ ካረፈ ወዲህ የቤቱ ትልቅ እሱ ነው፤ እማዬም ከአዲስ አበባ ደውላ "ለይኩን እሺ ያለውን እኔም እሺ ብያለሁ" ብላለች። እኔ እሺ ካልኩ ቆይቻለሁ... የእኔን ማን ጠየቀ?

ቀልዱን ትቼ... ያለ ወንድሜ እሺታ አላገባም። አልችልበትም። እዚህ አገር ስመጣ ኤርፖርት የጠበቀኝ እሱ ነው።

ዛሬ ደግሞ ፕራክቲስ ላይ አልተነጋገሩም አሉ። ምነው ኳስ የሚባል ነገር ባልተፈጠረ!

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 11

መጡ። ሦስት ሽማግሌ፣ ሦስት ሱፍ። መሪያቸው ጋሼ ፍስሐ፣ ዕድሜ ልካቸውን ሆሊውድ ፓርኪንግ ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ። እኔ ኪችን ውስጥ፣ ጆሮዬ በሩ ላይ።

"ተቀመጡ እንጂ፣ ጋሼ።"

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም። ልጃችሁን ለልጃችን ብለን ነው የመጣነው።"

ለይኩን ጉሮሮውን ጠረገ። ይሄን ጊዜ ነው መፍራት የነበረብኝ።

"ጋሼ፣ ዮአብ ጨዋ ልጅ ነው። እንከን አይወጣለትም። ግን ለቡድኑ ሁሉ መሮጥ አቅቶታል ብሎ አወራብኝ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይጣራልኝ፤ ከዚያ በኋላ መልስ እሰጣለሁ።"



"የምን ሩጫ?" አሉ ጋሼ ፍስሐ።

"የኳስ።"

"የእግር?"

"የእጅ።"

እህቱን ሊድር የተሰየመ ሰው እኮ ነው! እምቢም አላለም፣ እሺም አላለም። ቀጠሮ ሰጣቸው። ጋሼ ፍስሐ ሲወጡ፣ "በመሬት የዘገየ ጋብቻ አይቻለሁ፣ በጥሎሽም አይቻለሁ... በኳስ?" ሲሉ ሰማሁ። ምን ልበላቸው? እኔም የመጀመሪያዬ ነው።

እሁድ፣ ኦክቶበር 12

ሽማግሌዎቹ ጥፋቱን ሊያጣሩ ጨዋታው ያለበት ፓርክ መጡ። በዚያ ሙቀት፣ ከነከረባታቸው። ሕጉን ሳስረዳ ጋሼ ፍስሐ ቶሎ ገባቸው፤ "አንዱ ይሰጣል፣ አንዱ ይቀበላል፤ ምን ይከብዳል?" አሉ። ከዚያ ዝም ብለው አዩ። እረፍት ላይ ሁለቱን ዛፍ ሥር ጠሯቸው። እኔም ውኃ ለማቀበል በሚል ተጠጋሁ።

"ዮአብ፣ ለሌሎቹ ስትወረውር ኳሷ ታፏጫለች። ለለይኩን ስትሆን ለምን ትለግማለች?"

ዮአብ መሬት መሬት አየ። "ጠንክሬ ወርውሬ ብጎዳውስ፣ ጋሼ? ሽማግሌ የምልክበትን ሰው ደረት እንዴት አድርጌ ልምታ?"

"አንተስ፣ ለይኩን? እንደምታጥር እያየህ ለምን ወደ ኋላ አትመለስላትም?"

"ብመለስ አጭር መወርወሩን ሰው ሁሉ ያውቅበታላ!" አለ ለይኩን። "አማቼ ሊሆን ነው። ሰው ፊት ላዋርደው?"

ሁለቱ ተያዩ። እኔ ውኃውን ራሴ ጠጣሁት።

ይሉኝታ! ተቃራኒው ቡድን ሰው መድቦ ሲጠብቃቸው ከረመ... ለምን ይለፋል? ሜዳ ላይ መከባበር፣ ከሜዳ ውጪ ሐሜት። ከዚህ የበለጠ የእኛ የሆነ ነገር አለ?

ጋሼ ፍስሐ ፍርዳቸውን ሰጡ። "ጥፋቱ እኩል ነው። ዮአብ፣ አንተ አትራራ። ለይኩን፣ አንተም ካጠረች ጩኽ።"

የመጀመሪያዋ ኳስ ለይኩንን አፍንጫው ላይ አገኘችው። ወደቀ... ግን ኳሷን አልለቀቀም።

"ይቅርታ! ይቅርታ ወንድሜ!" ዮአብ ሮጠ።

"ምን ትሠራለህ እዚህ? ተመለስና ድገመው!"

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 18

ሽማግሌዎቹ ዳግመኛ ቆሙ። ለይኩን ተነሥቶ ጋሼ ፍስሐን በእጁ ደግፎ አስቀመጣቸው። "ልጃችሁ ልጃችን ነው። ሰጥተናል" አለ።

ለማልቀስ ተዘጋጅቼ ነበር። ግን አፍንጫው ገና እብጠቱ አልጎደለም፤ ያ ሁሉ ክቡር ቃል የጉንፋን ድምፅ ይዞ ወጣ። ሳቄ ቀደመኝ። እንባው በኋላ መጣ... ብዙ።

እሁድ፣ ኦክቶበር 26

ተሸነፍን። የመጨረሻዋ ኳስ ከለይኩን ጣቶች አመለጠች። ኦኬ፣ አልኩ በልቤ፣ ዛሬ ደግሞ ሁለት ክስ ልሰማ ነው።

ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው መጡ።

"ባትጮኺ ኖሮ" አለ ዮአብ።

"እይዛት ነበር" ሲል ለይኩን ጨረሰለት። "ዞር ብዬ አየሁሽ።"

"ያን ጊዜ ነው ያመለጠችው።"

"ከእንግዲህ ዳር አትቀመጪ፣ እባክሽ።"

ጥፋቴን እየተቀባበሉ መኪናው ድረስ ወሰዱት፤ አንዴም መሬት አልነካም። ይግባኝ አልጠየቅኩም።